ወላጆች ያቆሟቸው ቤቶች

በ1938 በአሜሪካ ሚሲሲፒ ግዛት ፎረስት በምትባል ትንሽ ከተማ የሚኖር አንድ ጠበቃ ስለ አምስት ዓመት ልጁ 33 ገጽ ደብዳቤ አጽፎ ባልቲሞር ለሚገኝ የሕፃናት አእምሮ ሐኪም ላከ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ልጁ ዶናልድ ትሪፕሌት ይባላል። ገና በሕፃንነቱ ዜማ ሳይስት ያንጎራጉራል፤ የዳዊትን የእረኛውን መዝሙር በቃሉ ይወጣዋል፤ ስምና መልክ አይረሳም። እናቱ ስትገባ ግን ቀና ብሎ አያይም፣ አባቱ ሲወጣም ግድ አይሰጠውም። የሚሽከረከር ነገር ካገኘ ሌላ አያሻውም። ወላጆቹ የሐኪም ምክር ሰምተው ከቤት አውጥተው በአንድ ተቋም አስቀምጠውት ነበር፤ አንድ ዓመት ያህል ቆይተው መልሰው ወሰዱት።

ደብዳቤው የደረሰው የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታሉ ሊዮ ካነር በ1943 ስለ አሥራ አንድ ልጆች የሚተርክ ጽሑፍ አሳተመ። ኦቲዝም ራሱን የቻለ ሁኔታ ሆኖ በስፋት መታወቅ የጀመረው ከዚህ ጽሑፍ ወዲህ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ቀዳሚው ልጅ ዶናልድ ሲሆን ስለ እሱ ከተባለው ብዙው የተቀዳው ከአባቱ ደብዳቤ ነው። የኦቲዝም ሕክምና ታሪክ ዘወትር የሐኪሞች ታሪክ ሆኖ ይጻፋል። በየአገሩ የኦቲዝም ማኅበራትና ማዕከላት እንዴት እንደተቋቋሙ ለተከታተለ ሰው ግን ከፊት የሚገኘው ወላጅ ነው፤ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይደርሳል። አንዳንዴም መንገድ ዘግቶ ቆሞ ይገኛል።

ያ በጥንቃቄ ያየና የጻፈ ወላጅ ብዙም ሳይቆይ ተከሳሽ ሆነ። ካነር ራሱ ስለ ወላጆቹ ቅዝቃዜ መጻፍ ጀመረ። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ «ልጁ ወደ ውስጡ የሸሸው እናቱ ፍቅር ስለነፈገችው ነው» የሚለው ሐሳብ በአሜሪካና በአውሮፓ ክሊኒኮች እንደተረጋገጠ እውቀት ተያዘ። እናቶቹ ከማቀዝቀዣ ጋር ተመሳሰሉ። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሥር የነበረውን የሕፃናት ማሳደጊያ ትምህርት ቤት ይመራ የነበረው ብሩኖ ቤተልሃይም በ1967 ይህንን ሐሳብ በመጽሐፍ አስፋፋው። ቤተልሃይም በዳካውና በቡከንቫልድ የናዚ ማጎሪያዎች ታስሮ የወጣ ሰው ነበር፤ የልጆቹን ዝምታ እዚያ ካያቸው ተስፋ የቆረጡ እስረኞች ጋር አነጻጸረው። በዚህ ንጽጽር ዘበኛዋ እናት ናት። ስለዚህ የሚታዘዘው መድኃኒት ልጁን ከቤተሰቡ መለየት፣ እናቲቱን ደግሞ ስለ ራሷ የልጅነት ዘመን ዓመታት ማናዘዝ ሆነ። ልጇ እንዴት ሽንት ቤት እንደሚለምድ፣ ሌሊት እንዴት እንደሚተኛ፣ የፈለገውን በምን እንደሚያስረዳ የሚያሳያት አልነበረም። ይህን ስሕተት ነበር ብሎ ማለፍ ይከብደኛል። በልጇ ስቃይ ለነደደች እናት የስቃዩ ምንጭ አንቺ ነሽ ማለት ጭካኔ ነው።

ለንደን ውስጥ ሔለን አሊሰን የምትባል አሜሪካዊት እናት በቢቢሲ ሬዲዮ የሴቶች ዝግጅት ላይ ቀርባ ስለ ልጇ ተናገረች። ይህን የሰሙ ሌሎች ወላጆች በደብዳቤ አገኟት። በ1962 መጀመሪያ ላይ ከነዚሁ ወላጆች ጥቂቶቹ በአሊሰን ቤት ተሰብስበው ማኅበር መሠረቱ። ሰፈር እድር የሚያቆመው ሐዘን ብቻውን እንዳያገኘው ነው፤ የእነዚህም ወላጆች የመጀመሪያ ምክንያት ከዚያ የራቀ አልነበረም። ከመካከላቸው ሎርና ዊንግ የሥነ አእምሮ ሐኪም ነበረች። ኦቲዝም ያለባት ልጅ እናትም ናት። በኋላ ከባልደረባዋ ከጁዲት ጉልድ ጋር በካምበርዌል ሰፈር ያደረገችው ጥናት ኦቲዝም ካነር ከገለጸው ጠባብ ክብ እጅግ የሰፋ መሆኑን አሳይቷል፤ ዛሬ ኦቲዝምን ከቀላል እስከ ከባድ በተዘረጋ ሰፊ መስመር ላይ የምናየው ከዚያ ሥራ ተነሥተን ነው። ዊንግ ከቤቷ የተማረችውን ወደ ክሊኒክ ወሰደች እንጂ የተገላቢጦሽ አልነበረም።

ማኅበሩ ገና ሲጀምር የፈለገው ትምህርት ቤት ነው። በጊዜው በእንግሊዝ ሕግ «ሊማሩ የማይችሉ» ተብለው የተመደቡ ሕፃናት የመማር መብት አልነበራቸውም፤ የሚጠብቃቸው ወይ ቤት መዋል ወይም ትልልቅ ሆስፒታል ውስጥ መረሳት ነበር። ሲቢል ኤልጋር የምትባል ሴት የሞንቴሶሪ መምህርነት ትማር በነበረችበት ጊዜ እንደነዚህ ላሉ ልጆች የተከፈተ አንድ የለንደን የቀን ሆስፒታል ጎበኘች። ያየችው እንቅልፍ ነሳት። በ1962 በሰሜን ለንደን ሴንት ጆንስ ዉድ ከሚገኘው ቤቷ ምድር ቤት ጥቂት ልጆችን ሰብስባ ማስተማር ጀመረች። ኤልጋር የልጆቹን ነፍስ ለመመርመር አልተቀመጠችም። ቀኑ ከጠዋት እስከ ማታ የታወቀ ሥርዓት እንዲኖረው አደረገች፤ የሚቀጥለው ነገር ምን እንደሆነ ልጁ አስቀድሞ እንዲያውቅ፣ ንግግር ሲበዛ ስለሚጠፋባቸው በጥቂት ቃልና በማሳየት እንዲማሩ። ወላጆች ውጤቱን አዩ፤ ያልተቀመጠ ልጅ ተቀመጠ፣ ራሱን ይነክስ የነበረው ተወ። ማኅበሩ ገንዘብ አሰባስቦ በምዕራብ ለንደን ኢሊንግ ሰፈር አንድ ሰፊ ቤት ገዛና ትምህርት ቤቱ በ1965 በኤልጋር መሪነት ተከፈተ። ከደጋፊዎቹ መካከል የቢትልሱ ጆን ሌነን ይገኝበታል። እኔን የሚገርመኝ ግን ዝነኛው ሰው አይደለም። ከምድር ቤት ተነሥቶ እስከ ገዛ ሕንፃ ለመድረስ ሦስት ዓመት ብቻ መፍጀቱ ነው፤ ያውም የመንግሥት ሕግ ልጆቹን ተማሪ ብሎ ሳይቀበል። ሕጉ የተለወጠው በ1970 ሲሆን ትምህርት ቤቱ ያን ጊዜ አምስት ዓመት አስቆጥሯል።

አትላንቲክን ተሻግረን አሜሪካ ስንገባ የምናገኘው በርናርድ ሪምላንድ በሳንዲዬጎ ለባሕር ኃይል የሚሠራ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። በ1956 የተወለደው የመጀመሪያ ልጁ ሌት ተቀን ያለቅሳል፤ ሲያቅፉት ይወራጫል። ሪምላንድ በሥነ ልቦና የዶክትሬት ዲግሪ የያዘ ሰው ሆኖ ኦቲዝም የሚለውን ቃል አያውቀውም ነበር። ቀድማ ያስታወሰችው ሚስቱ ናት፤ በኮሌጅ በነበረችበት ጊዜ ባነበበችው መጽሐፍ ውስጥ እንደዚህ ያለ ልጅ አይታ ነበር። ሪምላንድ በተጻፈው ሁሉ ውስጥ እናትን የሚያስወነጅል ማስረጃ ሲፈልግ ዓመታት ቆየ፤ አላገኘም። በ1964 ያሳተመው መጽሐፍ ኦቲዝም የአካል፣ የአንጎል ጉዳይ ነው ሲል ተከራከረ። መቅድሙን የጻፈለት ካነር ነበር።

የዚያ መጽሐፍ ትልቁ ሥራ መጨረሻ ገጾቹ ላይ ነው። ሪምላንድ ስለ ልጅ ጠባይና አስተዳደግ የሚጠይቅ መጠይቅ አያይዞ ነበር፤ ወላጆች እየሞሉ በፖስታ ላኩለት። ለምርመራ ተብሎ የተዘጋጀው ወረቀት ለካ የአድራሻ መዝገብ ሆኖ ኖሯል። በየግዛቱ ተበታትነው እያንዳንዳቸው ብቸኛ ነን ብለው ያስቡ የነበሩ ቤተሰቦች ስማቸው አንድ ጠረጴዛ ላይ ተሰበሰበ። በኅዳር 1965 በኒው ጀርሲ ቲኔክ ከተማ ተገናኝተው ብሔራዊ ማኅበር አቋቋሙ። ዛሬ የአሜሪካ ኦቲዝም ማኅበር የሚባለው ይህ ነው። በ1969 ማኅበሩ በዋሺንግተን ባደረገው ጉባኤ ላይ ካነር ተጋብዞ መድረክ ላይ ወጣና ወላጆቹን ከክሱ ነጻ ማውጣቱን በግልጽ ተናገረ። የጽሕፈት መኪና ፊት ተቀምጦ የጀመረውን ነገር ሕዝብ ፊት ቆሞ ማንሣቱን አከብርለታለሁ፤ በመካከሉ ከልጆቻቸው የተለያዩት እናቶች ግን ጊዜያቸውን የሚመልስላቸው አልነበረም።

ከማኅበሩ መሥራቾች አንዷ ሩት ክራይስት ሰለቫን ነርስና የሰባት ልጆች እናት ነበረች። በኮንግረስ ደጅ በመመላለስ የተካነች ሆና ወጣች። የሌሎች አካል ጉዳተኞች ወላጆችም አብረዋት ነበሩ። በ1975 የወጣው ሕግ ማንኛውም አካል ጉዳተኛ ልጅ በመንግሥት ትምህርት ቤት በነጻና ለእሱ በሚስማማ መንገድ የመማር መብት እንዳለው ደነገገ፤ ኮንግረሱ ራሱ ባመነው መሠረት ከዚያ በፊት አንድ ሚሊዮን ያህል ልጆች ከትምህርት ቤት ደጅ ተመልሰው ነበር። ይህ ሕግ የእኛንም ሰዎች ይነካል። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ ወይም በሚኒሶታ የሚኖር ሐበሻ ቤተሰብ ልጁ ኦቲዝም እንዳለበት ሲነገረው ትምህርት ቤቱ ጠርቶት የልጁን የዓመት የትምህርት ዕቅድ አብሮ ያወጣል። እንግሊዝኛ የማይሆንለት ወላጅ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለው፤ በዕቅዱ ካልተስማማ መቃወም ይችላል። ብዙ ወገኖቻችን ይህንን መብት እንደ ውለታ ስለሚያዩት በስብሰባው ላይ አንገታቸውን ደፍተው ፈርመው ይወጣሉ። የጠረጴዛው አንዱ ወንበር የወላጅ የሆነው ወላጆች ታግለው ስላስገቡት መሆኑን ቢያውቁ ደፍረው ይናገሩ ነበር።

መብቱ ከተገኘ በኋላ ልጁ ምን ይደረግለት የሚለው ጥያቄ ሁለት መንገድ ያዘ። በሎስ አንጀለስ ኢቫር ሎቫስ ባህሪን በጥቃቅን ደረጃ ከፋፍሎ፣ ደጋግሞ፣ በሽልማት የሚያስተምር ዘዴ አወጣ። በ1987 ባወጣው ጥናት በሳምንት 40 ሰዓት ያህል ከሠለጠኑት 19 ልጆች ዘጠኙ መደበኛ ክፍል መግባታቸውን ገለጸ፤ ያ ቁጥር በመላው ዓለም የወላጆችን ልብ አንጠልጥሎ ይኖራል። ዘዴው ብዙ ልጆችን መናገርና ራስን መርዳት አስተምሯል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን ጥፊና የኤሌክትሪክ ንዝረት ጭምር ይጠቀም እንደነበር መደበቅ አይገባም፤ 40 ሰዓቱንም መክፈል የሚችል ቤት ጥቂት ነው። በሰሜን ካሮላይና ደግሞ ኤሪክ ሾፕለር፣ የቤተልሃይም ተማሪ የነበረና የመምህሩን ትምህርት የተቃወመ ሰው፣ ወላጅ የበሽታው ምንጭ ሳይሆን የሕክምናው አጋር ነው ብሎ ተነሣ። እናትና አባት ከልጃቸው ጋር እንዲሠሩ በክሊኒክ ውስጥ ያሠለጥናቸው ነበር። ሥራው ይካሄድበት የነበረው የምርምር ገንዘብ ሊያልቅ ሲቃረብ የግዛቱን ምክር ቤት ያሳመኑት እነዚያው ወላጆች ናቸው፤ በ1972 ፕሮግራሙ በሕግ የግዛቱ ቋሚ አገልግሎት ሆነ። እኔ ከሁለቱ መንገዶች ለእኛ የሚቀርበው ሁለተኛው ይመስለኛል፤ ምክንያቱን አዲስ አበባ ስንደርስ እናየዋለን።

በእስራኤል በ1974፣ በዴልሂ በ1991 የተመሠረቱት ማኅበራትም የወላጆች ናቸው። በዴልሂ «አክሽን ፎር ኦቲዝም»ን የጀመሩት ሜሪ ባሩዋ የልጃቸው ነገር ግራ ያጋባቸው እናት ነበሩ።

በአዲስ አበባ ይህን ሥራ የጀመሩት ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። ብዙ ዓመት አሜሪካ ኖረው ተመልሰው ኒያና የተባለ የውበት ሙያ ማሠልጠኛ ከፍተው ነበር። ልጃቸው ኦቲዝም አለበት፤ በከተማው ውስጥ ግን እሱን የሚቀበል ትምህርት ቤት አጡ፤ ያስገቡበት ሁሉ እየመለሰባቸው ተቸገሩ። በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን አቋቁመው በሥሩ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። በአገሪቱ የመጀመሪያው ነው። የዚያን ጊዜ ኢትዮጵያ ምን እንደነበራት ማሰብ ይገባል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው ከዚያ በኋላ በ2003 ነው፤ እስከዚያ አንድ ሐኪም በዘርፉ ስፔሻላይዝ ለማድረግ ውጭ አገር መሄድ ነበረበት። የሕፃናቱ ዘርፍማ ገና አልተነሣም። አንዲት እናት ማዕከል ስትከፍት ልጆቹን የምትልክለት ሐኪም፣ የምትቀጥረው የንግግር ሕክምና ባለሙያ፣ የምታባዛው የአማርኛ መጽሐፍ አልነበራትም። መምህራኑን ከምንም ተነሥቶ ማሠልጠን፣ ገንዘብ መለመን፣ ወላጅ ማሳመን ሁሉ በአንድ ትከሻ ላይ ወደቀ።

ወ/ሮ ዘሚ በየመድረኩ፣ በየሬዲዮውና ቴሌቪዥኑ የሚናገሩት ስለ ተደበቁት ልጆች ነበር። ጓዳ ውስጥ ስለሚውሉ፣ እንግዳ ሲመጣ ስለሚሸሸጉ፣ እናት እንጀራ ልትፈልግ ስትወጣ በገመድ ስለሚታሰሩ ልጆች። የራሳቸውን ልጅ ይዘው አደባባይ መውጣታቸው ከንግግሩ የበለጠ ሠርቷል፤ የተማረች፣ ንግድ ያላት፣ የተከበረች ሴት ይህ ልጄ ነው ስትል የጓዳውን በር ከውስጥ የዘጋች ሌላ እናት ትሰማለች። የፊደላችንን የድምፅ አደረጃጀት መነሻ አድርገውም አቡጊዳ ፎኔቲክስ የሚባል የንባብና የንግግር ማስተማሪያ ዘዴ አዘጋጁ። ተነባቢውና አናባቢው በአንድ ምልክት ተዋሕደው የሚታዩበት ፊደል፣ ሥርዓትና ድግግሞሽ ለሚወድ ልጅ የተመቸ መሰላል ሊሆን እንደሚችል ያዩ እናት ናቸው። በ2021 በኮሮና ታመው እስካረፉ ድረስ ይህን ሥራ አልተዉም። ከጆይ በኋላ በአዲስ አበባ ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል ተቋቁሟል፤ እሱም መሥራቾቹ ወላጆች ናቸው።

የቤተሰቡን ጉዞ የሚያሳይ አንድ ጥናት አለ፤ በ2016 ታትሟል። በአዲስ አበባ ሁለት የሕፃናት አእምሮ ጤና ክሊኒኮች የመጡ 102 አሳዳጊዎች ተጠይቀው ነበር። የልጁን ሁኔታ መነሻ ሲገልጹ የወሊድ ችግርንና የጭንቅላት አደጋን፣ ክፉ መንፈስንና የኃጢአት ቅጣትን እያቀላቀሉ ነው፤ ሐኪም ቤትም ጸበልም ሄደዋል። ይህን መቀላቀል የሚንቁ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልንቀውም። ጸበል ቦታ ልጇን ይዛ የምትሰነብት እናት ቢያንስ የሚያባርራት የለም፣ ልጇ ቢጮህ ነውር አይሆንባትም። የሚያስፈራው እዚያ የምትሰማው «የእርግማን ውጤት ነው» የሚል ቃል ከቺካጎው ክስ ጋር ተመሳሳይ ሲሆን ነው። የቤተልሃይምን መጽሐፍ ያላነበበ ጎረቤትም እናትን ይወቅሳል። በዚያው ጥናት የጎደላችሁ ምንድን ነው ተብለው ሲጠየቁ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ትምህርትን ጠርተዋል። የለንደኖቹ ወላጆች በ1962 ያነሡትም ይህንኑ ነበር።

አሁን ወደ ሾፕለር እመለሳለሁ። ማዕከላቱ ጥቂቶች ናቸው፣ በአብዛኛው አዲስ አበባ ናቸው፤ ወረፋቸው ረጅም ነው። በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ ባለሙያ ለደብረ ማርቆስ ወይም ለወላይታ ገበሬ ልጅ በእኛ ዕድሜ አይደርስም። ልትደርስለት የምትችለው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። ስለ ኦቲዝምና ስለ አእምሮ እድገት ውስንነት በአማርኛ የታተመ የኪስ መጽሐፍና በቪዲዮ የታገዘ ሥልጠና ተዘጋጅቶ ለእነዚህ ሠራተኞች ተሰጥቷል፤ የሠለጠኑት ካልሠለጠኑት ይልቅ ለልጆቹ ያላቸው አመለካከት የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀው የክህሎት ሥልጠናም ኢትዮጵያ ውስጥ ተሞክሯል። ዕድሜያቸው ከሁለት እስከ ዘጠኝ የሆኑ ልጆች ወላጆች ዘጠኝ ጊዜ በቡድን ይሰበሰባሉ፣ ሦስት ጊዜ ደግሞ አሠልጣኟ ቤታቸው ትመጣለች። አሠልጣኟ ስፔሻሊስት መሆን አይጠበቅባትም። እናት የምትማረው ከልጇ ጋር በጨዋታ መሃል እንዴት እንደምትግባባ፣ ልብስ ማጠብና ቡና ማፍላት የመሰለውን የዕለት ሥራ እንዴት የመማሪያ ጊዜ እንደምታደርገው፣ ሲያስቸግር ከመምታት በፊት ምን ሊነግራት እንደፈለገ እንዴት እንደምታነብ ነው። ራሷን እንዴት እንደምትንከባከብም ትማራለች፤ ይህኛው ክፍል እጅግ ያስደስተኛል፤ ለብዙ ዓመት ብዙም አልታሰበበትም ነበርና።

ወላጆች ያቋቋሟቸው ድርጅቶች ያልሰሙት ድምፅ ግን ነበር፤ የራሳቸው የልጆቻቸው። በ1993 ጂም ሲንክሌር የተባለ ኦቲዝም ያለበት አሜሪካዊ ቶሮንቶ በተደረገ ጉባኤ ወላጆችን አነጋገረ። ያጣችሁት ልጅ የለም፣ ያላችሁ ልጅ እኔ ነኝ፣ ስለኔ አታልቅሱ የሚል መንፈስ ያለው ንግግር ነበር። ከዚያ ወዲህ ኦቲዝም ያለባቸው አዋቂዎች የራሳቸውን ማኅበር አቁመው ሕክምና እየተባለ ማንነታቸውን የሚጨቁን ነገር እንዲቀር ይከራከራሉ። አንዳንድ ወላጅ ይህን ሲሰማ ይቆጣል፤ «የእኔ ልጅ እኮ አይናገርም» ይላል። ቁጣው ይገባኛል። የማይናገረውንም ልጅ በምልክት፣ በሥዕል፣ በታብሌት ምን እንደሚወድና ምን እንደሚያመው መጠየቅ ግን ይቻላል፤ የኛም ማዕከላት ቦርድ ሲያዋቅሩ ከወላጅ ጎን ኦቲዝም ያለበት ሰው ማስቀመጥን ከአሁኑ ቢለምዱ የእንግሊዝና የአሜሪካ ማኅበራት ዘግይተው ከገቡበት ጠብ እንድናለን።

ልጆቹ ያድጋሉ። ኤልጋር ተማሪዎቿ ጎልማሳ ሲሆኑ የሚሄዱበት እንደሌላቸው አይታ በ1974 በሶመርሴት አውራጃ ለአዋቂዎች የሚሆን መኖሪያ ሲከፈት ራሷ ልትመራው ከለንደን ወጣች። አትክልት ይተክሉ፣ ይሸምኑ፣ እንጨት ይሠሩ ነበር። ጆይ ሲከፈት ሕፃን የነበሩት ዛሬ ከሃያ ዓመት በላይ ናቸው። ከወላጆቻቸው አንዳንዶቹ አርጅተዋል፤ ከእኔ በኋላ ማን አለው የሚለው ጥያቄ በየስብሰባው ይነሣል። ኢትዮጵያ በ2010 የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት አጽድቃለች፤ ትምህርት ሚኒስቴርም በ2016 የልዩ ፍላጎትና የአካቶ ትምህርት ዕቅድ አውጥቷል። ሁለቱም የሚያገለግሉት እነዚህንም ጎልማሶች ከሆነ አሁን የሚያስፈልገው የተማሩትን የሚሠሩበት ወርክሾፕ፣ ቤተሰብ ሲሞት የሚኖሩበት ቤት፣ ውርስና ሞግዚትነትን የሚመለከት ግልጽ የሕግ ድጋፍ፣ እነዚህንም በምጽዋት ሳይሆን በከተማና በክልል በጀት የሚያስተዳድር መሥሪያ ቤት ነው።